ከጥላ ሥር የተነበበ ቆጣሪ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለፊውዟ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም ብዬ ብጽፍ እንኳ ደብዳቤው ድንበር ተሻግሮ እስኪደርስሽ ወይ ድኜ ወይ ሞቼ ስለሚሆን፣ ደህና ነኝ ማለቱ ቀለም ይቆጥባል።

«ፊውዝ ማለትዎን ይተዉ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው» ላልሽው፣ አልተውም። በአምስት ዓመትሽ ጫማው ጠበበኝ ብለሽ ጮኸሽ ጮኸሽ በመጨረሻ ድርግም ያልሽ ዕለት ያወጣሁልሽ ስም ነው። ፊውዝ ደግሞ ስላረጀ አምፖል አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔን ወደ አንቺ አገር የምታስገቢበት የመግቢያ ፈቃድ ቅጽ ላይ «የሁለት ሰው ወርኃዊ የኑሮ ወጪ ግምት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፣ በወር ስንት መብራትና ስንት ውሃ እንደሚጨርሱ ይንገሩኝ ብለሻል። ጉድ ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት በየሰዉ በር እየዞረ ቆጣሪ አንብቦ ጡረታ የወጣን ሰው! እኔ እኮ ባልና ሚስት መኳረፋቸውን ከመብራት ቆጣሪያቸው የማውቅ ነበርኩ። ሲኳረፉ በሁለት ክፍል ሁለት አምፖል ይበራል፤ ሲታረቁ ሁለቱም ይጠፋል።

እንግዲህ ጻፊ። መብራት፦ አንድ አምፖል፣ አንድ የሻይ ማፍያ፣ አንድ ሬዲዮ፤ ሬዲዮኑም ዜናው ሳያልቅ ተናድጄ ስለማጠፋው ብዙ አይበላም። ውሃ፦ ቅዳሜ ገላዬን እታጠባለሁ፤ ሌላውን ቀን የሚያሸተኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ጉንፋን አይለየውም። ጋዝ፦ አንድ ሲሊንደር እኔንና ሾርባዬን አምስት ወር ያኖረናል። ባጭሩ ርካሽ ሽማግሌ ነኝ፤ ከእኔ ይልቅ ድመት ብትወስጂ ይበላብሻል።

ቅጹ ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኔን መቀመጫ የነሳኝ የራሴ ነው። ቤቴን ልግዛ የሚለው ባለ ሻንጣ ትናንትም መጥቶ ነበር። «ቤቱን እስከ ጥር መጨረሻ ካልሸጡልኝ ሌላ እገዛለሁ» አለኝ፣ ሻንጣውን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ። እናትሽ የተወለደችበት፣ ነፍሷን ይማርና አንቺን ትታልኝ የሄደችበት ቤት ነው። «አይሽጡት፣ ያከራዩት» ማለትሽን ሰምቻለሁ፤ ግን እጄን አንጠልጥዬ የልጅ ልጄ ትከሻ ላይ የምሰፍር ወፍ አይደለሁም። ድርሻዬን ይዤ ነው የምመጣው። ከሸጥኩ ደግሞ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ የምሄድበትን ቤት ሳላውቅ አልፈርምም። ሁለት ክፍል ነው፣ አንደኛው በር የእርስዎ ነው ብለሽኛል። ጥሩ። የራሴ በር ከሌለኝ አልመጣም! ሰው ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ዕቃ ይመስላል።

እናም እንዲህ አድርጊ። እሁድ እሁድ ቆጣሪሽ ፊት ቁሚ፤ ያየሽውን ቁጥር ጻፊ፤ ላኪልኝ። ቤትሽን በቁጥሩ አየዋለሁ። ክፍሌ መስኮት አለው ወይ፣ ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለች፣ ማሞቂያው በመብራት ነው በጋዝ የሚሠራው፣ ከላይ ሰው ሲራመድ ይሰማል ወይ፣ ይህንንም ጻፊልኝ። ያለ ንባብ የሚሰጥ ግምት ሐሜት ነው።

በስልክ እንጨርሰው አትበይኝ። በስልክ አንቺም «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ሒሳቡ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ሰው ሲዋሽ እጁ ይታወቃል።

ጡረታ የወጣው፣ ግን ገና ከግድግዳው ያልተነቀለው
አያትሽ


ኅዳር 1

የኔ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለነው ቀና ማለት አልቻልንም። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አንሶላ ብቻ ነው።

ንባቡ ይኸው። የመብራቱ በመጀመሪያው እሁድ 4210፣ በሁለተኛው 4235፣ በሦስተኛው 4260። የውሃው 318፣ 320፣ 322። ቤቱ ውስጥ ያለን ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ ማሞቂያና እኔ ነን።

ለጥያቄዎችዎ፦ አዎ፣ ክፍልዎ መስኮት አለው። በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። አይ፣ ከላይ ሰው ሲራመድ አይሰማም። የቤቱ ባለቤት ደግ ሴትዮ ናት። ወጪውን ሳሰላው ለሁለት ሰውም ከደሞዜ ይተርፋል፤ ስለ እሱ አይጨነቁ።

እርስዎም ንባብዎን ይላኩ፤ አምፖልና ሾርባ አይበሉኝ። የውሃ ቆጣሪውን ጉድጓድ ክዳን ሲያነሱ ባትሪውን የያዝኩልዎት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ቆጣሪ ያነበብኩ ሰው በቃል አልሸነገልም።

ደግሞ አንድ ነገር። ጽሕፈትዎ መስመሩን እየሳተ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ለማንበብ ተቸገርኩ። ምን ሆነው ነው?

ያንን የጠበበ ጫማ ያልረሳች
ፊውዝዎ


ኅዳር 18

ፊውዝዬ፣

መስመሩ የሚወጣው ጠረጴዛው ስለተንጋደደ ነው። አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ከሥሩ የማስገባው ወረቀት አጣሁ፣ ያለኝን ሁሉ ለአንቺ እየጻፍኩበት።

ልብስ ሰፊው ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። የሰው ጉዳይ እንደ ስኳር ይወዳል። «ከደሞዜ ይተርፋል» ያልሽው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና «ይቺ ልጅ ደሞዟ ስንት ነው?» አለኝ። «አንተ ክርህን ቁጠር» አልኩት። ነገር ግን ጥያቄው እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። ማሞቂያው በመብራት ነው በጋዝ የሚሠራው ብዬሽ ነበር፤ ዘለልሽው። ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለች ብዬሽ ነበር፤ እሱንም ዘለልሽው። ስለ በሩ ቁልፍ ግን ሳልጠይቅሽ የነገርሽኝ ሁለተኛሽ ነው።

የእኔ የመብራት ንባብ 6372። ጠዋት በፀሐይ ወጥቼ፣ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ያነበብኩት ነውና ተቀበዪው።

ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል። ዕቃ ልልቀም ብዬ እነሳለሁ፤ አንዱን ሳጥን እከፍታለሁ፤ ሌላውን እከፍታለሁ፤ ሁለቱንም ሳልዘጋ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም። ባለ ሻንጣው ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ሲለካ ዋለ። እናትሽም አንቺም ቁመታችሁን በእርሳስ ያሰመራችሁበት የበር መቃን ጋ ሲደርስ «ይሄ ይቀባል» አለ። «አንተም ትቀባለህ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ እሱ ግን ፈርቶ ወደ ኩሽና ገባ።

ቆርቆሮው ሳጥን ሥር ምን አገኘሁ መሰለሽ? የድሮ ካርዶቼን! ቤቱ ሰው ሲጠፋ በበር ሥር የምናስገባቸውን፤ «ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ ነበር፤ በርዎ ዝግ ነበር» የሚሉትን። አንድ ሙሉ ጥቅል ተርፎኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ካርድ እንደ ስድብ ነበር የማስገባው፤ አሁን ሳየው የሚያሳዝን ነገር አለው። እስቲ በሚቀጥለው ገጽ ስለ አንድ ከባድ ነገር ልጻፍልሽ፤ ሻይ ላፍላና እመለሳለሁ።

(ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው።)


ታኅሣሥ 10

ለተቆጣችው፣ ግን ለማትፈነዳው ልጄ፤

ሁለተኛው ገጽ ምንም ሳይጻፍበት ደረሰኝ፣ ላይ ላዩ ግን የብዕር ጭረት አለበት ላልሽው፣ እዚያ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ስለ አንቺ ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር። እንዳትኮሪ ብዬ ያለ ቀለም ጻፍኩት። ከባድ ነገር ያልኩትም ሻይ ማፍያው ነው፤ እውነት ከባድ ነው፣ ብረት ነው።

ለሥልጠና አራት ቀን ሌላ ከተማ ደርሰሽ መመለስሽ ደስ አሰኘኝ። ቤቱን ቆልፈሽ፣ ሁሉን አጥፍተሽ ሄድሽ፣ ጎበዝ። ስለ ቅዝቃዜው የጻፍሽው ግን ልብስ ሰፊውን ሳይቀር አንቀጠቀጠው። ውሃ ቧንቧ ውስጥ ይረጋል? እዚህ ሲነበብልኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይበራል ካልሽማ እሰየው።

ንባቦችሽን ተቀብያለሁ፦ 4285፣ 4310፣ 4335። በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ሌላም ነገር በቃሌ ይዣለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

የእኔው 6336።

ባለ ሻንጣው ቀብድ ላስይዝ አለ። አዎም እምቢም ሳልለው ዋልኩ። እግሬ መንገድ ወጥቷል፣ ልቤ ደፉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እኔ መሀል ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ እወዛወዛለሁ። ስለ ጉዞው ለጠየቅሽኝ፣ ሁለት ቦታ አውሮፕላን መቀየር ምን ችግር አለው? እኔ በአንድ ቀን ሁለት መቶ በር የቀየርኩ ሰው ነኝ።

እዚያ እስክደርስ የምትታገሺኝ
አያትሽ


ታኅሣሥ 26

አባባ፣

ሰላምታዬን ወደ ኋላ አቆየሁት፤ ቅር እንዳይልዎት።

በኅዳር 6372 ብለው ላኩልኝ። በታኅሣሥ 6336 ብለው ላኩልኝ። ቆጣሪዎ ሠላሳ ስድስት ወደ ኋላ ሄደ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሽማግሌው መብራት ፈትሎ ለመሥሪያ ቤቱ መመለስ ጀመረ ብዬ። ከዚያ አንሶላ እያጠፍኩ ሳቄ እጄ ላይ ቀረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያነበበ ሰው ቆጣሪ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ይጠፋዋል? አይጠፋውም። 6386 ነበር። ስምንቱን ሦስት አድርገው አዩት።

የሚወጣው መስመር። ያለ ቀለም የተጻፈው ገጽ። «ሲነበብልኝ» ብለው ሳያስቡት ያመለጠዎት ቃል። ደብዳቤዬን ልብስ ሰፊው ከእጅዎ አልነጠቀም፤ እርስዎ ነዎት ተሸክመው የሚወስዱለት። ልብስ ሰፊው፣ ይሄን ጮክ ብለው እያነበቡ ያሉት እርስዎ ከሆኑ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉ። ሁሉንም ያንብቡለት።

አባባ፣ ምን ያህል ያያሉ? ጣትዎን ያያሉ? ደረጃ ያያሉ? ከመቼ ጀምሮ? በዚህ ዓይን ነው ብቻዎን ሁለት አውሮፕላን ሊቀይሩ ያሰቡት? ለእነዚህ ቀልድ አይመልሱልኝ። ቀልድዎን እወደዋለሁ፤ ዘንድሮ ግን እንደ መጋረጃ እየተጠቀሙበት ነው።

የተቃጠለችው
ፊውዝዎ


ጥር 6

ይድረስ ለመርማሪዋ፤

ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛውን ለሚስቱ። እሷም «ደግ አደረገች» ብላ ሳህን አስቀመጠች። ሰፈሩ ሁሉ ከአንቺ ጋር ወግኗል።

ስለ ዓይኔ እመጣለሁ፤ አልሸሽም። መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዳገቱ ላይ አሥራ አንድ ቤት ያለበት መስመር ነበረኝ፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ጅራት የሌለው ውሻ። የጅራቱን ንዴት የሚወጣው በእኛ በቆጣሪ አንባቢዎች ባት ላይ ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝ። ከዳገቱ ሥር ዛፍ አለ፤ ጥላው ውስጥ ቁጭ አልኩና የአሥራ አንዱንም ቤት ንባብ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት። ባለፈው ወር ቁጥር ላይ ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ጨመርኩ። እኛ ዘንድ ይህ ስም አለው፤ «ከጥላ ሥር አነበበ» ይባላል። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም።

አለቃችን ወረቀቱን አየና አልጮኸም። «እዚህ ሰፈር ሰው አይኖርም እንዴ?» አለኝ። «ይኖራል ጌታዬ» አልኩት። «ሰውማ እንዲህ አይኖርም። ሰው እንግዳ ይመጣበታል፣ ይታመማል፣ አምፖል ይቃጠልበታል፣ ተናዶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። እውነተኛ ቁጥር ያነክሳል። የአንተ ግን እንደ ወታደር ተሰልፏል።» ከዚያ አብረን ዳገቱን ወጣን። ከአሥራ አንዱ አንዱ ቤት ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎት ነበር። የነበረችው ሴትዮ የት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ለባዶ ቤት መብራት አብርቼ ነበር።

አሁን የአንቺን ልጥራልሽ። 4210፣ 4235፣ 4260፣ 4285፣ 4310፣ 4335። ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት። ውሃው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። አራት ቀን ቤትሽን ቆልፈሽ በሄድሽበት ሳምንት ሃያ አምስት። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይበራል ባልሽበት፣ ውሃ በረጋበት ሳምንት ሃያ አምስት። ልጄ፣ አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ግድግዳ ሰዓት?

ከሦስተኛው ቁጥር ጀምሮ ገብቶኛል። ዝም ያልኩት አንቺው ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። እየጠበቅኩ በየቀኑ ሳጥን እከፍታለሁ፣ ሳጥን እዘጋለሁ። ባለ ሻንጣው ጥር ሃያ አንድ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ቀልድ አትመልሺልኝ፣ እኔም ይኸው አልቀለድኩም።

ፊውዝዬ፣ መብራት የምታበሪለት ቤት ባዶ ነው ወይ?

አያትሽ


ጥር 15

አባባ፣

አዎ፣ ባዶ ነው።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ሄጄ አንድ ማሽን አንሶላ አውጥቼ ተመለስኩ። አሁን ልቀጥል።

ደጓ ሴትዮ በነሐሴ ቤቷን ለልጇ ፈለገችው። እውነት ደግ ናት፤ እያለቀሰች ነው ያስወጣችኝ። ከመስከረም ጀምሮ አብራኝ ከምትሠራ ልጅ ጋር ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። መብራቱ በኪራዩ ውስጥ ስለሆነ የራሴ ቆጣሪ የለኝም። ቁጥሮቹን የጻፍኳቸው በምሳ ሰዓት የአንሶላ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ነው። ጥላ እንኳ አልነበረውም።

ስሄድ በበሩ መቃን ላይ፣ ከቁመቴ ምልክት በላይ፣ «በሦስት ዓመት እወስድዎታለሁ» ብዬ በእርሳስ መጻፌን ያስታውሳሉ? ሦስት ዓመቱ መስከረም ላይ ሞላ። እኔና እርስዎ ብቻ ነን የቀረነው፤ በሁለት አገር አንድ አንድ ሰው ሆነን። እስኪመጡ ድረስ ቤት አገኛለሁ እያልኩ በየሳምንቱ አያለሁ። ያየሁት ሁሉ ለደሞዜ ይበዛል። ኪራዩ ሲሆንልኝ ማሞቂያው አይሆንም፣ ማሞቂያው ሲሆንልኝ መንገዱ አይሆንም። እውነቱን ብነግርዎት «የራሴ በር ከሌለኝ» ብለው ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ስለ በሩ ቁልፍ የደጋገምኩት ለዚያ ነው፤ ቤቱን ባጣው ቁልፉን ልስጥዎት ብዬ።

ቅጹን ግን አላስገባሁትም። ግምቱን የሚጠይቀው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ለእርስዎ የዋሸሁትን እዚያ መጻፍ አልቻልኩም፤ የትኛው እንደሚያሳፍር ግን አላውቅም።

አሁን ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ይህ ደብዳቤ ከጥር ሃያ አንድ በፊት ይድረስዎት አይድረስዎት አላውቅም። ፈርመው ከሆነ በኔ ምክንያት ቤት አልባ ሆኑ ማለት ነው፤ ያንን እንዴት አድርጌ እንደምሸከመው አላውቅም። አባባ፣ ፈረሙ?

ልጅዎ


ጥር 24

ፊውዝዬ፣

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ልብስ ሰፊው ነው። ፊደሉ ከተንጋደደ ዛሬ ጥፋቱ የጠረጴዛው አይደለም።

አልፈረምኩም።

በቃ፣ ተንፍሺ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ ሰውዬው ግን በቀጠሮው መጣ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ብዕሩን እጄ ላይ አኖረ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። «የት ጋ?» አልኩት። «እዚህ።» «የት?» ጣቴን ያዘና ቦታው ላይ አስቀመጠልኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። በሰው ጣት ቦታ እየተነገረኝ፣ አይቼው የማላውቀውን ቤት ለማግኘት፣ አሁን የማላየውን ቤቴን ልሸጥ ነው! ይሄማ ከጥላ ሥር መፈረም ነው። ብዕሩን መለስኩለትና ከኪሴ አንድ ካርድ አውጥቼ ሰጠሁት። «ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ ነበር፤ በርዎ ዝግ ነበር።» አገላብጦ አየውና «ይሄ ምንድነው?» አለ። «መልሴ ነው» አልኩት። ሻንጣውን አቅፎ ወጣ። ሌላ ቤት ይለካ።

ዓይኔ ሞራ ነው። ሁለቱም። ሐኪሙ የነገረኝ አምና ነው፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ታያለህ ብሎኛል። ምነው ታዲያ ዝም አሉ ትዪኛለሽ። ፈርቼ። የሰው ቆጣሪ ስከፍት ኖሬ የእኔን ሊከፍቱት ሲሉ ፈራሁ። የጎደለኝ ድፍረት ብቻ ነበር፤ ከጠረጴዛዬ እግር ይልቅ የእኔ ያጥራል። ያለ ቀለም የጻፍኩት ገጽ ይሄው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላብ አጥምቆኝ ነው የጻፍኩት፤ ሲያልቅ ተነፈስኩ፣ ነገርኳት ብዬ።

(እኔ ልብስ ሰፊው ነኝ። ይህን እሱ ጻፍ አላለኝም። በጥቅምት የውሃ ቆጣሪውን ላንብብ ብሎ የጉድጓዱን ክዳን አነሳና ከፍቶ ረሳው፤ ሲመለስ ገባበት። ጉልበቱ ተልጦ ሁለት ሳምንት አነከሰ። ላንቺ እንዳልጽፍ በእናቴ አስምሎኝ ነበር። እናቴ ይቅር ትበለኝ። አሁን «ምን ጻፍክ ይሄን ሁሉ?» እያለኝ ነው፤ ሰላምታ ነው አልኩት።)

በመዋሸትሽ አልቆጣሁም ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆንብናል። ተቆጥቻለሁ። ግን ተቆጥቼ ስጨርስ የቀረብኝ ሌላ ነው፤ ያ ብርድ። ማሞቂያው በሌለ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲበራ አንቺ የት ነበርሽ?

አሁን እንደ አዲስ እንገምት። ቆጣሪ ባይኖርሽም ንባብ አለ። አልጋሽ ከመስኮት ምን ያህል ይርቃል? ስንት ብርድ ልብስ ትደርቢያለሽ? በሳምንት ስንት ቀን ምሳ ትበያለሽ? እንዳያምር አድርገሽ ጻፊልኝ። የሚያነክስ ቁጥር ላኪልኝ።

ከዚያ ስለ በር ያልኩትን እነግርሻለሁ። በር እኮ የሚያስፈልገኝ የማንኳኳው ሰው ካለ ብቻ ነው።

አያትሽ፣
በልብስ ሰፊው እጅ


የካቲት 14

(በቆጣሪ አንባቢ ካርድ ጀርባ፣ በትልልቅ ፊደል)

ፊውዝዬ፣

ሁለት ብርድ ልብስ። ከክፍል ጓደኛሽ ጋር የተካፈልሽው ግማሽ መስኮት። ምሳ በሳምንት አራት ቀን። ተነቦልኛል፤ ተቀብያለሁ። ይሄ ያነክሳል፤ ስለዚህ ያንቺ ነው። ስለ ቀሩት ሦስት ቀኖች ግን ፊት ለፊት እንጣላለን።

የሦስት ሳምንት ፈቃድ ማግኘትሽን ልብስ ሰፊው ሲያነብልኝ ያለቀሰው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሐኪሙ ቀጠሮዬን አንቺ በመጣሽ በሦስተኛው ቀን አደረገልኝ። ባዶውን ቅጽ ይዘሽ ነይ። ቤቱን ብናከራየው እዚያ ምን እንከራይበታለን፣ ወይስ አንቺ ነሽ ወደዚህ የምትመጪው፣ ሞራው ከተገፈፈ በኋላ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን እንገምተዋለን። እስከዚያ ማንም ለማንም ግምት አይስጥ።

የዚህን ወር ንባቤን አልላክሁልሽም። ልብስ ሰፊው ላንብብልህ አለኝ፤ ከለከልኩት። የአንቺ ቦታ ነው። የጉድጓዱን ክዳን ዘግቻለሁ። ባትሪው ላይ አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ከበሩ ጀርባ፣ ከቁመትሽ ምልክት አጠገብ ሰቅየዋለሁ።

አሁን ካርዱን ገልብጪው። «ዝግ ነበር» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ ጽፌበታለሁ። ቀለሙ ይውጣ አይውጣ አላየሁም። ካልወጣ፣ ክፍት ነው ለማለት ነበር።